ጠያቂና ተጠያቂ፦ በአእምሮ ጤና ጥናት ስለሚሳተፈው ሰው ስሜት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ ስለ አእምሮ ጤና ጥናት ዘዴዎች የሚል ነበር። ስለ ዘዴ ግን ብዙ ተብሏል። ናሙና እንዴት እንደሚመረጥ፣ መጠይቅ እንዴት እንደሚተረጐም፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰላ ከእኔ ይልቅ የሚያስረዱ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። እኔ በፈቃዳችሁ ከመጠይቁ በወዲያኛው በኩል ስለተቀመጠው ሰው ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። በሩን ከፍቶ ስላስገባን፣ በርጩማ ስቦ ስላስቀመጠን፣ ሥራውን አቋርጦ ስለሚመልስልን ሰው ነው። እንቅልፉን፣ እንባውን፣ ተስፋውን ስንጠይቀው ያ ሰው ምን ይሰማዋል? ጠይቀን ስንሄድስ ምን ይዞ ይቀራል?

ቋንቋችን ስለዚህ ነገር ከእኛ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስለኛል። በአማርኛ «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ፣ የማያውቀውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ይጠይቃል፤ ተማሪም ተመራማሪም በዚህ ይገባሉ። ሁለተኛ፣ ሕግ ይጠይቃል፤ በሕግ «ተጠያቂ» የሆነ ሰው ስላደረገው ነገር መልስ የሚሰጥ፣ የሚወቀስ፣ ምናልባትም የሚቀጣ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ወዳጅ ወዳጁን ይጠይቃል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል። «ጠያቂ የለኝም» ያለ ሰው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግለት አጣሁ ማለቱ አይደለም፤ ሰው አጣሁ ማለቱ ነው።

የተሰበሰብንበት የልደታ ሠፈር ሁሉንም ጠያቂዎች ያውቃቸዋል። የልደታ ፍርድ ቤት ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በደጁ በየማለዳው የሚሰለፈው ሕዝብ መጠየቅ በሁለተኛው ትርጉሙ ምን እንደሆነ ያውቃል። ባልቻ ሆስፒታልም እዚሁ ነው፤ በጠያቂ ሰዓት ፔርሙስና ሳህን በፌስታል አንጠልጥሎ በበሩ የሚገባው ሕዝብ ሦስተኛውን ትርጉም ያውቃል። እኛ ደግሞ ሰሌዳና እርሳስ ይዘን በመጀመሪያው ትርጉም በየቤቱ እንገባለን። እንግዲህ ዛሬ ለማስረዳት የምሻው ነገር ይህ ነው፦ እኛ በመጀመሪያው ትርጉም ብንመጣም፣ የሚቀበለን ሰው በሁለተኛው ይፈራናል፣ በሦስተኛው ተስፋ ያደርገናል። ስለ አእምሮ ጤና ጥናት ያለው የሕዝብ ስሜት በአብዛኛው በዚህ ፍርሃትና በዚህ ተስፋ መካከል ያለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ።

በከተማችን ስም ጽፎ የሚሄድ ሰው ያለ ምክንያት አይፈራም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች፣ ከተቋቋሙ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞረ የቤተሰብ ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ብዙ ዓይነት ጉዳይ ይዞ መጥቷል። አንዳንዱ የስኳርና የዘይት ራሽን ይዞ መጣ። ሌላው ለዘመቻ የሚደርስ ወጣት አለን ብሎ መጣ። ከጊዜ በኋላም ቤቱ ለልማት ይነሣል ብሎ የመጣ አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለፈች እናት እኛ «ጥናት ነው» ስንላት፣ በልብዋ «ከየት የተላከ ጥናት?» ብትል አያስደንቅም። በዚያ ላይ ቤቱን እንዲያሳየን ብለን የቀበሌ ወይም የወረዳ ሰው ከፊት አስቀድመን ስንገባ፣ ስምምነቷን ሳንጠይቅ ስምምነቷን እንወስዳለን። እንቢ ማለት እንደምትችል በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ከፊታችን የቆመው ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግራታል።

ሁለተኛው ፍርሃት የገመና ፍርሃት ነው። ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚያስታምሙ 178 የቤተሰብ አባላትን አነጋግረው በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው፣ ከመቶ 37ቱ ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን ለመደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። በአንድ ቤት ውስጥ የታመመ መኖሩ ቢታወቅ የእህት ጋብቻ ሊቀር፣ የወንድም ሥራ ሊታጣ፣ ጎረቤት ቡና መጠራራቱን ሊተው ይችላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ «በዚህ ቤት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ስንል የቤቱን ምስጢር እንዲያወጡልን መለመናችን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ላላሳየነው ሰው በሽታህን አትደብቅ ማለት ፍርድ አይደለም።

ሦስተኛው የሰላምታ ልማዳችን ነው። «እንዴት ነዎት?» ሲባል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ማነው? ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ በመጀመሪያ እንዲህ ይላል። እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው «እንዴት ነዎት» በኋላ ነው፤ ያውም ጠያቂው ለመቀመጥ እንደመጣ ከታየ ነው። መጠይቃችን ግን እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቅጻችን ላይ «አይደለም» ብለን የምንመዘግበው መልስ ስለ ሰውዬው ጤና ሳይሆን ስለ ሰውዬው ትሕትና የተሰጠ ነው።

ስለ ተስፋው ደግሞ ልናገር።

ፍርሃት መልስን ወደ ታች እንደሚጎትት ሁሉ ተስፋ ወደ ላይ ይጎትታል። የሚመዘገብ ሰው እርዳታ ሊያገኝ ይችላል ተብሎ በሚታሰብበት ሠፈር፣ «የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ተብለው የተጠየቁ አባት «ፍላጎቱስ ነበረ ልጄ፤ ምግቡ ነው የጠፋው» ቢሉ ቀልድ አይደለም። ጥያቄው ስለ ድባቴ ምልክት ነበር፤ መልሱ ስለ ጓዳቸው ሆነ። እርሳቸው አልዋሹም፤ እኛም አልተሳሳትንም፤ ነገር ግን አልተገናኘንም።

ይህ እኔ ዛሬ የፈጠርሁት ሐሳብ አይደለም። በአገራችን በብዙ ጥናት የተሠራበትን፣ የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀውን 20 ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከራስ ምታት ይጀምራል፤ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ለቅሶ እያለ ይሄድና በ17ኛው ላይ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ፍራንክ ኮርትማን የተባሉ በአገራችን የሠሩ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባቸው ከቴን ሆርን ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ መጠይቅ በኢትዮጵያ መርምረው ነበር። የመረመሩትም ሁለት ነገር ነው፤ ተጠያቂው ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳውና በምን ምክንያት እንደዚያ እንደመለሰ። ከመልሱ በስተኋላ መረዳትና ፍላጎት እንዳሉ ካወቅን እነሆ ወደ 40 ዓመት ሊጠጋ ነው። ቢሆንም ዛሬም ሥልጠና ስንሰጥ አብዛኛውን ሰዓት የምናጠፋው ቅጹን በመሙላት ላይ ነው።

ቁጥሮቻችንንም በዚሁ ዓይን ብንመለከታቸው መልካም ነው። ዶክተር ደረጀ ከበደ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች በአዲስ አበባ 10,203፣ በቡታጅራ ደግሞ 10,468 ሰዎች በዚህ መጠይቅ ተጠይቀው፣ በአዲስ አበባ ከመቶ 11.7፣ በቡታጅራ ከመቶ 17.4 የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው ተገኝቷል። እነዚህ ጥናቶች ለአገራችን ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ከእነርሱ በፊት በከተማችን ውስጥ ከስምንትና ከዘጠኝ ሰው አንዱ በዝምታ እንደሚጨነቅ ማን በቁጥር ይናገር ነበር? እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ መቶኛ በስተጀርባ ለማያውቀው እንግዳ «አዎ» ለማለት የደፈረ ሰው አለ። ያልደፈረው ደግሞ በቁጥሩ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እመጣለሁ። ሰውን ስለ ጭንቀቱ መጠየቅ ይጎዳዋልን? በተለይም ሕይወቱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ያላሰበውን ያሳስበዋልን?

ይህ ሥጋት በእኛ ዘንድ ጽኑ ነው። «ክፉ አታውሩበት» እንላለን፤ ክፉ ነገር በስሙ ከተጠራ ይመጣል ብለን እንሠጋለን። ሥጋቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ስኮት ሄንደርሰንና አንቶኒ ጆርም በ1990 እ.ኤ.አ. «የአእምሮ ጤና ጥናቶች ሰውን ይረብሻሉን?» የሚል ርእስ ይዘው ተነሥተዋል፤ ያገኙትም የሚረበሹት ጥቂቶች መሆናቸውን ነው። ጆርምና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የተደረጉትን ተመሳሳይ ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በጥያቄው ጊዜ የሚከፋቸው ጥቂቶች እንደሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ለመጎዳታቸው ግን ማስረጃ እምብዛም እንዳልተገኘ ጽፈዋል። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2,342 ተማሪዎች ላይ የተደረገውና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ነገሩን በቀጥታ ፈተነው። ግማሾቹ ስለ ራስን ማጥፋት ተጠየቁ፤ ግማሾቹ አልተጠየቁም። ከሁለት ቀን በኋላ ሲታይ የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ አልተጨነቁም፤ እንዲያውም ቀድሞ ድባቴ ወይም ሙከራ ከነበረባቸው መካከል የተጠየቁት ቀለል ያላቸው ይመስሉ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማም መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ በድጋሚ አረጋግጧል።

እንግዲህ ጥያቄው ራሱ አይገድልም። በብዙ ሰው ላይ ያለው ሸክም የሚከብደው ስላልተጠየቀ ነው። ነገር ግን ባልደረቦቼ፣ እነዚህን ጥናቶች ጠቅሰን ተመስገን ብለን ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እናስተውል። እነዚያ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ አደጋ የታየበትን ልጅ የሚቀበል ባለሙያ ተዘጋጅቶ ነበር። መጠየቅ አይጎዳም የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ከጥያቄው በስተኋላ አንድ ሰው ሲኖር ነው። ሰው ከሌለስ?

ለዚህ መልስ የምሰጠው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ሕይወት ነው።

ሃያ ዓመት አልፎታል። ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በዚሁ በልደታ፣ የድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ሳይፈርሱ፣ ቤት ለቤት እዞር ነበር። ጥናቱ የማን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔም ነውና። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። «እማማ፣ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ» አልኋቸው። ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ «ግባ ልጄ፣ ጭሱን ከቻልኸው» አሉኝ። እርሳቸው ይጋግራሉ፤ እኔ እጠይቃለሁ። ለራስ ምታቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ለእንቅልፉም እንዲሁ። ከወትሮው ይልቅ ያለቅሱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጭሱ ነው» አሉኝ። እኔም «አይደለም» የሚለውን አከበብሁ።

17ኛው ላይ ስደርስ አክንባሎውን ምጣዱ ላይ ደፉና ዝም አሉ። ከዚያም ቀና ብለው አዩኝና፣ ለማንም ያልነገሩትን ነገር በጥቂት ቃል ነገሩኝ። የነገሩኝን እዚህ አልደግመውም፤ የተነገረው ለእኔ ነበርና። መመሪያው ግን አጭር ነበር፤ መልሱን ምልክት አድርግ፣ አስተያየት አትስጥ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ ይላል። «አዎ» የሚለውን አከበብሁና 18ኛውን አነበብሁ፦ «ሁልጊዜ ድካም ይሰማዎታል?»

እማማ ፈገግ አሉ። «ይህን ከነገርሁህ በኋላ ስለ ድካም ትጠይቀኛለህ ልጄ?» አሉኝ።

ስጨርስ ትኩስ እንጀራ ቆርሰው በበርበሬ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። በሩ ላይ ስደርስ «እንግዲህ መቼ ትመጣለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንደማልመለስ አውቅ ነበር። ቢሆንም «እንመጣለን» አልሁ። ማታ ተቆጣጣሪዬ ቅጹን ገልብጦ ተመለከተና አንድም የጎደለ ነገር የለበትም ብሎ አመሰገነኝ።

አልተመለስሁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ያ ሠፈር ለልማት ተነሥቶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ሥራ መስሎኝ ሳይሆን ኅሊናዬ እንቢ ብሎኝ ሄጄ ፈልጌ ነበር። ግቢው የለም። ስማቸውን እንዳላስታውስ ደግሞ የጥናቱ ሥነ ምግባር አስገድዶኛል፤ በቅጹ ላይ ቁጥር ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። የማውቀው እርሳቸው በሦስተኛው ትርጉም እንደተቀበሉኝ፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ትርጉም ጠይቄያቸው እንደሄድሁ ነው። እንጀራውን በላሁ፤ ጠያቂያቸው ግን አልሆንሁም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ተመራማሪ ሐኪም አይደለም፤ ሁሉንም ችግር ሊሸከም አይችልም» ይሉኛል። ትክክል ነው። መረጃ ሰብሳቢው ሐኪም ይሁን አልልም። ደግሞም በዚያን ጊዜ ወዴት ልላካቸው? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከልደታ ሩቅ አይደለም፤ ስሙ ግን ከርቀቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ቢያንስ ግን ያን ስም በቀስታና በአክብሮት ልነግራቸው፣ በማግስቱም አብሬያቸው ልሄድ እችል ነበር። መመሪያው ይህን አልከለከለኝም፤ አላዘዘኝም እንጂ።

ነገሩ በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። በቡታጅራ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የጽኑ አእምሮ ሕመም ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያ፣ ተመራማሪዎቹ በመጠይቁ ብቻ አልተማመኑም፤ አካባቢውን የሚያውቁ የአገር ሰዎችንም ጠቋሚ አድርገው ሁለቱን መንገድ አደጋገፉ። ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚሠራ ክሊኒክ ተቋቁሞ የተገኙት ሕሙማን እንዲታከሙ ተደረገ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ነበሩ። በዚያው አካባቢ 100 የአገር ሰዎች ተጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሕዝቡ ለአእምሮ ሕመም ከዘመናዊ ሕክምና ይልቅ የባህል ሕክምናን እንደሚያስቀድም ተገልጾ ነበር። እንደዚህ ባለ አገር የታሰረ ልጁን ፈትቶ ለነርስ ያሳየ አባት ይህን ያደረገው የስምምነት ቅጽ ስለተነበበለት ነው ብላችሁ ታምናላችሁን? ጠይቆት የሄደው ሰው መድኃኒት ይዞ ስለተመለሰ ነው እንጂ።

ዛሬ ደግሞ ሰበባችን ቀንሷል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠለጥናሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በአጠቃላይ ሆስፒታሎችና በብዙ ጤና ጣቢያዎችም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ሕጉም ከእኛ ቀድሟል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የአካልና የአእምሮ ጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ስለዚህ በየትኛውም ትርጉም ብትወስዱት አሁን ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ምን እናድርግ? አዲስ መመሪያ ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አያቶቻችን የታመመን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁ ብናስታውስ ይበቃል።

የታመመ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነና ከማን ዘንድ እንደመጣ ሳይናገር አይገባም። እኛም የጥናቱን ባለቤትና ዓላማ በተጠያቂው ቋንቋ እንናገር፤ የወረዳውንም ሰው ቤቱን ካሳየን በኋላ አመስግነን ከበር እንመልሰው። ነዋሪው እንቢ የማለት መብት እንዳለው የሚያምነው ያን ጊዜ ነው።

የታመመ የሚጠይቅ ሰው ጎረቤት በተሰበሰበበት ገመና አያስወራም። እኛም ቡና የሚጠጡ ሰዎች መካከል ተቀምጠን 17ኛውን ጥያቄ አናንብብ። ቦታ ከሌለ ቀጠሮ እንያዝ፤ አንድ ቤት በቀን ቢጎድል ጥናቱ አይፈርስም።

የታመመ የሚጠይቅ ሰው አይቸኩልም፤ የመጀመሪያውን «ደኅና ነኝ» አልፎ ይቀመጣል። እኛም ለመረጃ ሰብሳቢዎቻችን በቀን የሚሞሉትን ቅጽ ብዛት እንቀንስላቸው። በቀን ብዙ ቤት እንዲያዳርስ የታዘዘ ወጣት ማንንም ሊሰማ አይችልም። እርሱም ሰው ነውና፣ የሰማውን ይዞ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ እርሱንም የሚጠይቅ ይኑረው።

የታመመ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። እኛ ብርቱካንና ዳቦ አንይዝም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ የቅርቡ ሕክምና የት እንደሆነ፣ በምን ቀን እንደሚሠራ፣ ማንን ብሎ እንደሚገባ የሚናገር አንድ ወረቀት ይኑር። 17ኛውን ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው በዚያው ቀን ለአንድ ባለሙያ ሳይነገርለት እንዳያድር ማኅበራችን ይወስን። ይህ ካልተዘጋጀ ጥያቄው ከመጠይቁ ይውጣ። መቀበል የማንችለውን መልስ ልንጠይቅ አይገባንም።

በመጨረሻም፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ይመለሳል። «ተሽሎዎት ይሆን?» ይላል። እኛም ውጤቱን በእንግሊዝኛ መጽሔት ከማሳተማችን ጋር፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በእድሩ ስብሰባ ወይም በጤና ጣቢያው አዳራሽ ለጠየቅነው ሕዝብ እንንገር። ባለፉት ዓመታት ወደ ሕዝብ ስንወጣ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ቅሬታ «ለምን ጠየቃችሁን?» የሚል አይደለም። «ያ የጠየቃችሁን ነገር የት ደረሰ?» የሚል ነው። እንግዲህ ሕዝባችን መጠየቅን አይጠላም፤ ተጠይቆ መቅረትን ነው የሚጠላው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በእግራችሁ ጥቂት ብትሄዱ እነዚያ ረዣዥም ሕንፃዎች የቆሙበትን ቦታ ታያላችሁ። በአንደኛው ሥር የእማማ ምጣድ የነበረበት ቦታ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አልቻልሁም። በዚያ ያለፈ ሁሉ ነገሩን አያውቅም፤ እኔ ግን ባለፍሁ ቁጥር «እንግዲህ መቼ ትመጣለህ?» የሚለው ጥያቄ ይሰማኛል። በዚያ ቀን ከጠየቅኋቸው 20 ጥያቄዎች ይልቅ እርሳቸው የጠየቁኝ አንዱ ይበልጥ ነበር፤ መልሱንም እስከ ዛሬ አልሰጠሁም። የሚቀጥለውን መጠይቅ ስታዘጋጁ፣ ከ20ኛው ጥያቄ በታች ለእኛ የሚሆን አንድ መስመር ክፍት አድርጋችሁ ተዉ፤ «ለዚህ ሰው ምን ብለነው መጣን? መቼስ እንመለሳለን?» ተብሎ ይሞላበት።